በኢንች ቀዳዳ የገባ ሚሊ

ጨርቁን ሲያራግፈው አንዲት ብሎን ከእጥፋቱ ወጥታ ሲሚንቶው ላይ ቅጭል አለችና ተንከባልላ ጫማው ሥር ቆመች።

ሚሊ ጎንበስ ብሎ አነሣት። ብሎን ለጋራዥ ምኑ ነው? ቀኑን ሙሉ ሲወድቅና ሲነሣ የሚውል ዕቃ ነው። ይህቺ ግን አዲስ ናት፤ የፋብሪካ ቅባቷ እንኳ ገና አልደረቀም። ጥርሷን በአውራ ጣቱ ጥፍር ዳሰሳት። ደግሞ ዳሰሳት። ወደ በሩ ብርሃን ወጣና ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ፣ አገጩን ወደ ኋላ ስቦ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አያት። አናቷ ላይ የተቀረጸው ነገር ጭረት ይሁን ቁጥር አልያዝ አለው።

"ቶርኖ!" ብሎ ተጣራ።

ቶርኖ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። የጋራዡን ብረት መቅረጫ፣ ቶርኖ የሚባለውን ማሽን አሥራ አራት ዓመት ሲያንቀሳቅስ ኖሮ እናቱ ያወጡለት ስም ተረስቶ በማሽኑ መጠራት ከጀመረ ቆይቷል። የብረት ብናኝ ከፊቱ እየጠረገ መጣ።

"እስቲ ይህቺን እያት። ኢንች ናት ሚሊ?"

"ኢንች" አለ ቶርኖ ገና ከሩቁ። "ሦስት ጭረት አላት እኮ፣ ምን ታለፋኛለህ! ከየት አመጣሃት?"

"ከጨርቁ።"

"ከየትኛው ጨርቅ?"

ሚሊ ጨርቁን አገላበጠው። ጨርቁ ትናንት ከሰዓት በኋላ በቀያሹ መኪና የፊት ጎማ ሥር አንጥፎት የዋለው ጨርቅ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ እሱ ትልቅ ስለሆነ ይታየዋል። ሁለት ሰዓት ተኩል ይላል።

"ከወጡ ስንት ሆናቸው?"

"እነቀያሹ? ሁለት ሰዓት ላይ። አብረን ሸኘናቸው አይደል፣ ልጅቷ እየነዳች? ምነው ፊትህ እንዲህ ሆነ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ ሃምሳ ዓመት የዘለላት፣ አረንጓዴ፣ ጣሪያ የለሽ፣ ባለ ሁለት ወንበር የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ የመንገድ ቀያሽ ናቸው፤ "ወይዘሮዋ" ነው የሚሏት። ወይዘሮ የሆነችበትም ምክንያት አለ፤ ብርድ ካለ አትነሣም፣ ዝናብ ካየች ታኮርፋለች፣ ፀሐይ ከበረታ ደግሞ ትፈላለች። ቀያሹ ይህን ሁሉ እንደ ቁንጅና ነበር የሚቆጥሩት። ሴት ልጃቸው ፋርማሲስቷ ግን አባቷን ከየመንገዱ ዳር ስትሰበስብ ኖራ መረራት። "ወይ ትሸጣለች ወይ ትታደሳለች፤ ሌላ ወሬ አልሰማም" ብላ ከሦስት ወር በፊት ጎትታ እነሚሊ ጋራዥ አስገባቻት።

ሚሊና ቶርኖ አሮጌውን ሞተር አውጥተው ከኋላዋ ከተገጨች ዘመናዊ መኪና የተገኘ ሞተር ከነማርሹ ገጠሙላት። የሞተሩ ጉልበት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ባለበት ሊቆይ አይችልምና የፊት ፍሬኗንም በአዲስ ቀየሩት። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው። የድሮ እንግሊዞች የሠሩት ሁሉ በኢንች ይለካል፤ አዲሱ ሞተርና አዲሱ ፍሬን ደግሞ በሚሊ። የኢንች ብሎንና የሚሊ ብሎን ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው መንታ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው አናታቸው ላይ ያለው ምልክት ነው፣ የኢንቿ ጭረት፣ የሚሊዋ ቁጥር። ሚሊዋን በኢንች ቀዳዳ ሲከቷት ግን ሁለት ሦስት ዙር ትሄድና ጥርስ ከጥርስ ተናክሳ እምቢ ትላለች። ያሰራት ሰው ጠበቀች ብሎ ቁልፉን ያስቀምጣል። አልጠበቀችም። መኪናው ሲንቀጠቀጥ ትፈታለች።

ሚሊ ይህን የሚያጣው ሰው አይደለም። የጋራዡ በር አጠገብ ቀይ ሣጥንና ነጭ ሣጥን ያስቀመጠው እሱ ነው፤ ኢንች በቀይ፣ ሚሊ በነጭ። ሁለቱን የቀላቀለ ሠራተኛ ጉዱ ይፈላል። ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ "አንድ ሚሊ ከሳተ፣ ስቷል!" እያለ ሰው አስመርሮ፣ ሰው ሁሉ ተነጋግሮ ሚሊ አለው፤ እሱም ወዶት ቀረ።

ትናንት ጨርቁ ላይ ስምንት ብሎን ደርድሮ ነበር፤ አራት ከቀይ፣ አራት ከነጭ። በኢንቾቹ የፍሬኑን መያዣ ብረት ከመኪናዋ እግር ጋር ያስራል፤ በሚሊዎቹ ፍሬኑን ከመያዣው ጋር። መሐል ላይ አንዷ ጠፋችበት። ዳበሰ፣ አጣት። ጠያቂ የለበት፣ የጠፋችው ሚሊዋ ናት ብሎ ከነጩ ሣጥን ሌላ አመጣና አሰረ። በግራ በኩል፣ የመያዣውን ብረት የታችኛዋን። ቀዳዳዋ ጨለማ ነበር። ትንሽ እንደጠጠረችበት አሁን ትዝ አለው። "አዲስ ስለሆነች ነው" ብሎ ነበር ለራሱ።

"ቁልፍ አምጣ" አለ ሚሊ። "የፒካፗን። ክሪኩንም ጫን። ቶሎ በል!"

"ምንድን ነው? ንገረኛ!"

"ፍሬኗ ላይ ሚሊ አስሬባታለሁ።"

ቶርኖ ቁልፉን ከግድግዳው ነጠቀ። ከዚያ ሮጠ።

ሚሊ ስልኩን አውጥቶ ፋርማሲስቷ ጋ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። አታነሣም። እንደማታነሣ ያውቃል፤ ቦርሳዋን ዕቃ መጫኛው ውስጥ ወርውራ "ስነዳ ስልክ አላይም" ስትል ጠዋት በጆሮው ሰምቷል፤ "ጎሽ፣ እንዲህ ነው" ብሎም አሞግሷታል። የቀያሹ ስልክ ደግሞ እቤት መሳቢያ ውስጥ ነው የሚኖረው። "ይዤው ወጥቼ ቢጠፋብኝስ?" ነው መልሳቸው።

የሚሄዱት ወደ ቆላ ነው። የቀያሹ ታላቅ ወንድም ሰማንያ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ወይዘሮዋን አዲስ ሆና ሊያሳዩአቸው ነው። መንገዱ መጀመሪያ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ክር የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ እዚያ ላይ ፍሬን ብዙ አይያዝም። ከዚያ ቁልቁለቱ ይመጣል። አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር መታጠፊያ፣ በአንድ ወገን ድንጋይ፣ በሌላው ወገን ምንም። እዚያ እግር ከፍሬን አይነሣም። ብሎኗ እዚያ ከወለቀች ፍሬኑ ዞሮ ወይ ጎማውን ይነክሳል ወይ ጭራሽ አይዝም። ሁለቱም መጨረሻው አንድ ነው።

ፒካፗ ከከተማ ወጥታ ሜዳው ላይ ስትደርስ ሚሊ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረገጠው። መሪው እጁ ላይ ይንዘፈዘፋል።

"ዘጠና" አለ ቶርኖ መለኪያውን እያየ። "ከዚህ በላይ ብትሰጣት በሯ ይወልቃል።"

"ይውለቅ!"

"አንደርስባቸውም፣ ሚሊ።"

"ዝም ብለህ ደውል።"

ቶርኖ ደወለ። ጥሪው እስኪያልቅ ሰማና እንደገና ደወለ። ድሮ ቢሆን በብስክሌትም ይደርሱባት ነበር፤ ወይዘሮዋ ይህን ሜዳ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅባት ነበር። አሁን ግን አርባ ደቂቃ አይሞላትም። የፈጠነችው በማን ሆነና! ራሱ አይደል ትናንት ማታ ኮፈኗን እየደበደበ፣ "እቺን ከእንግዲህ የሚይዛት የለም" ያለው? ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ካለው ድልድይ ጥግ ቀያሹ ሁልጊዜ ቆመው ራዲያተሯን ውኃ ያጠጧት ነበር፤ ቦታው ራሱ በቤተሰቡ ዘንድ "ውኃ ማጠጫ" ይባላል። ጠዋት ላይ ሚሊ ይህንንም አፉን ሞልቶ ተሳልቆበታል። "ጋሼ፣ ውኃ ማጠጫ የሚባል ነገር ቀረ! ሳይቆሙ ወርደው ሳይቆሙ ይወጣሉ" ብሏቸዋል። ሽማግሌው አልሳቁም ነበር። "ልቧን አውጥታችሁ የሌላ ልብ ከተታችሁባት፤ አሁን ደግሞ እረፍቷንም ልትከለክሏት?" ነው ያሉት። ምነው ምላሴን በቆረጠው፣ አለ ሚሊ አሁን በልቡ።

"ጎማውን የገጠምከው አንተ አይደለህም እንዴ?" አለ በድንገት።

ቶርኖ ዞር ብሎ አየው። "ጎማውን እኔ። ብሎኑን አንተ።"

"ስትገጥም አላየህም ነው የምለው።"

"የአንተን ሥራ ማን ደፍሮ ያያል? ባለፈው አንዴ ልይ ብዬ ቁልፍ አልወረወርክብኝም?" ቶርኖ ስልኩን ጭኑ ላይ ጣለው። "በእኔ ልታሳብብ ነው?"

"አላሳበብኩም።"

"እያሳበብክ ነው እንጂ! እዚህ ከፊቴ ያለውን መሳቢያ እየው እስቲ። እህቴ ያሠራችልህ መነጽር ከስምንት ወር በፊት እዚያ ገብቶ ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። 'እኔ በጣቴ ነው የማየው' ትላለህ። በጣትህ አየህ አይደል? በል ተመልከት እንግዲህ!"

ሚሊ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። ቶርኖ እውነቱን ነው። መነጽሩን የተጠየፈው ስላልረዳው አይደለም፤ አንዴ ዓይኑ ላይ አድርጎት ጥርት ብሎ አይቶበታል። የፈራው ሰው የሚለውን ነው። ሚሊን የሚያህል ሰው ደከመ፣ አረጀ፣ ብሎን መለየት አቃተው ሊባል ነው። ለዚህች ብሎ አባትና ልጅ ገደል አፋፍ ላይ ሰቅሏል።

"በፈጣሪ፣ እነሱ ብቻ ይትረፉልኝ" አለ።

ቶርኖ ቁጣው በረደለት። "ደግሞ ልሞክር" ብሎ ስልኩን አነሣ።

ሜዳው ሊያልቅ ሲል መንገዱን የሚጠግኑ ሠራተኞች አንዱን ወገን ዘግተውታል። ቀይ ጨርቅ የያዘ ሠራተኛ መሐል ላይ ቆሞ እጁን ዘረጋ። ከወዲያ በኩል የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው ይመጣሉ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እያዘገሙ።

ሚሊ አንገቱን በመስኮት አወጣ። "ወንድሜ፣ በሞቴ አሳልፈኝ! የሰው ሕይወት ነው!"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ።"

"አረንጓዴ ክፍት መኪና አልፋለች? ትንሽዬ?"

"እሷማ!" ሰውየው ፈገግ አለ። "ሃያ ደቂቃ ያህል አቁሜያት ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ብለውኛል። ሩብ ሰዓት ቢሆናት ነው። ጉድ እኮ ናት፤ ስትነሣ አቧራ አልብሳኝ ሄደች።"

ሩብ ሰዓት። ከዚህ እስከ አፋፉ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። ሚሊ ሳይወድ በግድ አሰላው፤ ካልቆሙ አሁን ሦስተኛው ወይም አራተኛው መታጠፊያ ላይ ናቸው። የመጨረሻው የጭነት መኪና አልፎ ሰውየው ጨርቁን ገና ሳያወርድ ፒካፗ ተስፈንጥራ ወጣች።

"ስማኝ" አለ ቶርኖ በለሰለሰ ድምፅ። "ካገኘናቸው... እናገኛቸዋለን። ካገኘናቸው፣ 'የመጀመሪያ ጉዞ ፍተሻ ነው፣ ልማዳችን ነው' እንላለን። አስረናት እንመለሳለን። ማንም ምንም አያውቅም።"

ሚሊ ማርሽ ቀየረ።

"ሰማኸኝ? ሠላሳ ዓመት የሠራኸው ስም በአንዲት ብሎን ይበላሻል እንዴ? ነገ ማን መኪናውን ይሰጠናል? የአንተ ቤት ብቻ አይደለም፤ የእኔም እንጀራ ነው።"

"ሰምቻለሁ።"

መንገዱ ወደ ቀኝ ዞር ሲል ድልድዩ ብቅ አለ። ሚሊ ሩቅ ሩቁን ጥርት አድርጎ ያያል፤ ያስቸገረው ቅርቡ ነው። ከድልድዩ ጥግ አንድ አረንጓዴ ነገር ቆሟል። ኮፈኑ ተከፍቷል።

"ቆመዋል" አለ። "ቶርኖ፣ ቆመዋል! ቆመዋል እኮ!" ፒካፗን ያቆማት በፍሬን ይሁን በማርሽ አያውቅም።

ቀያሹ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የድልድዩ መከታ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው በውኃ የተሞላ የፕላስቲክ ጀሪካን አለ። ፋርማሲስቷ ወገቧን ይዛ ፊታቸው ቆማለች።

"አባዬ፣ ሙቀት መለኪያውን እየው እስቲ! ቀዝቅዛለች። ውኃ የምታጠጣበት ቦታ እንኳ የለም እኮ፣ አዲሱ ራዲያተር የተዘጋ ነው!"

"እሷ ባይሞቃት እኔን ሞቆኛል።"

"ሃያ ደቂቃ ሊሆነን ነው!"

"አርባ ዓመት እዚህ ሳላሳርፋት ወርጄ አላውቅም፤ ዛሬም አልወርድም። ሞተር ቀየራችሁ እንጂ እኔን አልቀየራችሁኝ።" ሽማግሌው ዞር ሲሉ ሁለቱን አዩአቸው። "ደግሞ እናንተ ምን ሆናችሁ ነው? ጅብ ያባረራችሁ ትመስላላችሁ።"

ሚሊ ቀርቦ የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። እጃቸው ሞቃት ነው፤ አልለቅም አለ።

"ጤና ነው?" አሉ ቀያሹ እጃቸውን እያዩ።

ቶርኖ ፈጥኖ ገባ። "የመጀመሪያ ጉዞ ፍተሻ ነው ጋሼ። አዲስ ሥራ ስናስረክብ ቁልቁለት ሳይጀመር አንዴ ጎማዋን አንሥተን እናያለን። ልማዳችን ነው።"

"ከከተማ እዚህ ድረስ መጥታችሁ?" አለች ፋርማሲስቷ። ፊቷ በራ። "እንዲህ ነው እንጂ ባለሙያ! አየህ አባዬ? ለዚህ ነው ለሰው ሁሉ 'ከጋሽ ሚሊ ሌላ ዘንድ አትሂዱ' የምለው። አንድ ሚሊ አያልፈውም!"

ሚሊ መሬቱን አየ። በዱላ ብትመታው ይሻለው ነበር።

ቶርኖ ክሪኩን ሥር አስገብቶ የግራውን ጎማ አነሣ፣ ፈታ፣ አወጣ። ሚሊ ተንበርክኮ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። የላይኛዋ ብሎን እንደታሰረች ናት። የታችኛዋን ነካት። ተወዛወዘች። ቁልፍ አላስፈለገውም፤ በሁለት ጣቱ ይዞ አንድ ጊዜ ሲያዞራት ወጥታ መዳፉ ላይ ወደቀች። ፍሬኑ በአንድ ወገን ብቻ ተንጠልጥሎ ቀረ።

አንድ አውቶቡስ ጥሩንባ እየነፋ አልፎ ወደ ቁልቁለቱ ታጠፈ።

"ምንድን ናት እሷ?" አሉ ቀያሹ። ከመከታው ወርደው ከበላዩ ቆመዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ምልክት ሲሳሳት ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣቸውም። "በእጅህ ነው የፈታሃት። በእጅ የምትፈታ ብሎን ፍሬን ላይ ምን ትሠራለች?"

"የማን ጥፋት ነው ይሄ?" አለች ልጃቸው። የበራው ፊቷ ጠፍቷል።

"ሚሊ ናት" አለ ቶርኖ እየተጣደፈ። "ሚሊ ናት፣ እህቴ። የኢንች ቦታ ገብታ ነው። ከዕቃ አቅራቢው ተቀላቅላ የመጣች ትሆናለች፤ እነሱ እኮ አንድ ካርቶን ውስጥ..."

"እንዲያ ነው?" አሉ ቀያሹ። የጠየቁት ቶርኖን አይደለም። ዓይናቸው ሚሊ ላይ ነው።

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አዎ ማለት እንኳ አያስፈልግም፤ አንገቱን ዝቅ ቢያደርግ ይበቃል። ቶርኖ ከጎኑ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። ሚሊ ብሎኗን መዳፉ ላይ አገላበጣት። ትንሽ ናት፣ ጥርሷ ተበልቶ ተላጭቷል።

"አቅራቢውን ተወው" አለ። "ብሎኗም ሚሊ፣ ያሰራትም ሚሊ።"

"አልገባኝም" አለች ፋርማሲስቷ።

"እኔ ነኝ ያሰርኳት። ካርቶን የለም፣ ተቀላቅላ የመጣች የለም። ትናንት አንዷ ጠፋችብኝና ከማይሆነው ሣጥን ሌላ አመጣሁ። አልታየኝም። ከቅርብ አላይም፣ ከዓመት በላይ ሆነኝ። መነጽር ተሠርቶልኛል፤ አፍሬ አላደርገውም። ፍተሻ የሚባል ልማድም የለንም። ጠዋት ብሎኗን ጨርቅ ውስጥ ሳገኛት ነው የመጣሁት።"

"አባቴን ይዤ ነበር እኮ!" ድምፅዋ ድልድዩን ሞላው። "አባቴን ይዤ! እዚያ ላይ ልወርድ ነበር! በአንተ ተማምኜ እኮ ነው፣ ስልኬን እንኳ ከኋላ ጥዬ..." ፊቷን አዞረች።

"እግርሽ ላይ ብወድቅ አይበዛብኝም" አለ ሚሊ። "ሙያዬን ቅበሪው፣ ስሜን ለሰው ሁሉ ንገሪ። እውነትሽን ነው።"

ቶርኖ ክሪኩን እንደያዘ ዓይኑን ጨፈነ። ቀያሹ ግን እጃቸውን ዘረጉና ብሎኗን ከሚሊ መዳፍ ወሰዷት። ከደረት ኪሳቸው መነጽራቸውን አውጥተው፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ወልውለው፣ አፍንጫቸው ላይ አስቀመጡና ረጋ ብለው አናቷን አዩ።

"ስምንት ነጥብ ስምንት" ብለው አነበቡ። ብሎኗን ኪሳቸው ከተቷት። "እሺ። ትክክለኛዋስ?"

ሚሊ ከሸሚዙ ኪስ አወጣት። ከጋራዥ እስከዚህ ድረስ ደረቱ ላይ ነበረች።

"አሁን ማን ነው የሚያስራት?" አሉ ቀያሹ።

ሚሊ ቁልፉን አነሣ። እጁ ለምዶበታል፤ ቀዳዳዋን ሳያይ ያገኛታል። ሠላሳ ዓመት እንዲሁ ነው ያሰረው። ብሎኗን ወደ ቀዳዳዋ አስጠጋና ቆመ። ሽማግሌው ከበላዩ ቆመው ያያሉ። ልጅቷም ዞራ ታየዋለች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

ተነሣ። ወደ ፒካፗ ሄዶ መሳቢያውን ከፈተ። የመነጽሩን ፕላስቲክ በጥርሱ ቀደደው። ዓይኑ ላይ ሲያደርገው ሁሉም ነገር ወደ እሱ የመጣ መሰለው፤ የእጁ መስመሮች፣ ጥፍሩ ሥር የገባው ግራሶ፣ ብሎኗ አናት ላይ ሦስት ጭረት። ቁልጭ ብለው። ትናንት እዚሁ ነበሩ ማለት ነው፤ ሊነበቡ ተዘጋጅተው።

ተመልሶ ጨርቁን ከጎማው አጠገብ አነጠፈ። ቁልፉን ለቶርኖ ሰጠው።

"አንተ እሰር" አለ። "እኔ አያለሁ።"

"እኔ?" አለ ቶርኖ።

"ግን መጀመሪያ ሁሉንም ፍታቸው። የቀሩትን ሰባቱንም። በቀኝ በኩል ያሉትንም።"

"ሌሎቹ እኮ ደህና ናቸው፣ ይቺኛዋ ብቻ ናት..."

"ትናንትም ደህና ናቸው ብዬ ነበር።" ሚሊ የእጅ ባትሪውን አብርቶ ተንበረከከ፤ መብራት መያዝ በጋራዡ የጀማሪ ልጅ ሥራ ነው። "አንድ በአንድ አውጣና ስጠኝ።"

ቀያሹ ባርኔጣቸውን ደፍተው ጀሪካኑ ላይ ተቀመጡ። ከኪሳቸው አጭር እርሳስና የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ በሥራ ዘመናቸው አንዱ ሲያነብ ሌላው ይመዘግብ ነበርና እጃቸው አልረሳውም።

"ጮክ ብለህ አንብብ" አሉ። "አንደኛዋ?"

ሚሊ የመጀመሪያዋን ብሎን ከቶርኖ ተቀበለና ወደ ዓይኑ አቀረባት።